«እምነትሽ አንሶ ነው» የሚሉ ሰባኪዎች ኢዮብን አንብበውት ያውቃሉ?

ትዕይንቱ ለማንም እንግዳ አይደለም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኪቦርዱ በዝግታ ይንቆረቆራል፤ ካሜራው በርቷል። ልጇ ለወራት አልጋ ላይ የከረመባት እናት ወደ መድረክ ትጠራለች። ይጸለይላታል፣ «ተፈውሷል» ይባላል፣ ጭብጨባው አዳራሹን ያናውጠዋል። ከሳምንታት በኋላ ልጁ ይሞታል። ያኔ ካሜራ የለም። እናቲቱ «ታዲያ ለምን?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ አጭር ነው፦ «እምነትሽ አንሶ ነው። ጥርጥር ገብቶብሽ ነው።» ልጇን የቀበረች ሴት በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጇን የገደለችው እሷው ተደርጋ ወደ ቤቷ ትሸኛለች።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ ትዕይንት አለ። ጸበል ቦታ፣ ስልክ ደግኖ የሚቀርጽ ወጣት፣ ማይክ የጨበጠ «አጥማቂ»። የታመመችው ልጅ ትጮኻለች፤ እሱ ይጠይቃል፦ «ማነህ? መቼ ገባህ? በማን በኩል መጣህ?» መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነው። ጎረቤት ናት፣ አክስት ናት፣ የእንጀራ እናት ናት። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ልጅቱ ሕመሟ ሳይለቃት፣ አንዲት ምስኪን ጎረቤት «መተተኛ» ተብላ ከሰፈሩ ቡና ትገለላለች።

እነዚህ ሁለት ቤቶች ዓይንህን ለአፈር የሚባባሉ ናቸው። አንዱ ሌላውን «መናፍቅ» ይለዋል፤ ሌላው በበኩሉ «ወንጌል ያልገባው» ይላል። በመከራ ጉዳይ ላይ ግን ሳይመካከሩ ተስማምተዋል። የሚሰቃይ ሰው ካለ ጥፋተኛ መገኘት አለበት። ወይ ራሱ በእምነቱ ማነስ፣ ወይ ወላጆቹ በኃጢአታቸው፣ ወይ ጎረቤቱ በመተቷ። ጥፋተኛ ሊሆን የማይችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማይኩን የያዘው።

ይህ ትምህርት በክርስትና ስም ይሸጣል እንጂ ክርስትና አይደለም። ከክርስትናም ያረጀ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኢየሱስን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ? የተሰጣቸው መልስ ጥያቄውን ከነመሠረቱ የሚነቅል ነው። የሰውየውም፣ የወላጆቹም አይደለም። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜም ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የከፉ እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ወንጌሉን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰባኪ እነዚህን ሁለት ቦታዎች አላየኋቸውም ሊል አይችልም።

የሰሊሆም ነገር ለኢትዮጵያዊ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሮጠው የመጡና ሁለተኛው ናዳ የበላቸው ናቸው። እንግዲህ «የኃጢአት ውጤት ነው» የሚለው ሰው ይህን እንዴት ያስረዳል? ጎረቤቱን ሊያድን አካፋ ይዞ የሮጠ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ቤቱ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ኃጢአተኛ ነበር? ቆሼ ላይስ ጥፋት ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥፋቱ ሰው በቆሻሻ ተራራ ሥር ጎጆ ቀልሶ ሲኖር ለዓመታት አይቶ ያለፈው አሠራር ነው። ጥፋቱን ሟች ላይ የሚጭን ስብከት የሚያስደስተው ተጠያቂ መሆን የነበረበትን ባለሥልጣን ነው። ጉዳዩ የነፍስ ብቻ ሆኖ የማይቀረውም ለዚህ ነው።

ወደ ኢዮብ እንመለስ ቢባል፣ አብዛኛው ምዕመን መጽሐፉን በልቡ ያውቀዋል ይባላል። የሚያውቀው ግን ጫፍና ጫፉን ነው። ሀብታም ነበር፣ ሁሉን አጣ፣ ታገሠ፣ እጥፍ ተመለሰለት። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። በስብከት የሚጠቀሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱና የመጨረሻው ናቸው። መካከል ላይ ያሉት ወደ አርባ የሚጠጉ ምዕራፎች ተዘለዋል፤ የተዘለሉበትም ምክንያት አለ። በእነዚያ ምዕራፎች ውስጥ «ትዕግሥተኛው» ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፣ እግዚአብሔርን ይሞግታል፣ ፊት ለፊት ቀርቦ ክሱን እንዲያሰማ ይጠይቃል። ሥርዓት ያለው የሃይማኖት ንግግር የሚናገሩት ወዳጆቹ ናቸው። ንጹሕ ሰው አይቀጣም፣ ንስሐ ግባ ይስተካከልልሃል፣ እግዚአብሔር አይሳሳትም። ንግግራቸው ያምራል። ዛሬ የትኛውም መድረክ ላይ ቢነበብ «አሜን» ያሰኛል። በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ስለ እሱ የቀናውን የተናገረው ኢዮብ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ ይነግራቸዋል፤ ይባስ ብሎም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ይልካቸዋል። ተሳዳቢ የመሰለው ሰው ለጠበቆቹ አማላጅ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ለወዳጆቹ ይመዝገብላቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አፈር ላይ አብረውት ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ይህን የለቅሶ ቤት ወግ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ድንኳን ውስጥ ገብቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ምንም ሳይል ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚሄድ ሽማግሌ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ያዘነ ሰው ያውቀዋል። የኢዮብ ወዳጆች እዚያው ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ስማቸው በክብር ይነሣ ነበር። የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«እጥፍ ተመለሰለት» የሚለውም ተጣሞ ይሰበካል። እጥፍ የሆኑት በጎቹ፣ ግመሎቹ፣ በሬዎቹና አህዮቹ ናቸው። ልጆቹ አሥር ነበሩ፤ በኋላም የተወለዱለት አሥር ናቸው። ልጅ እንደ በግ እጥፍ አይተካም። የሞቱት አሥሩም አልተመለሱም። ኢዮብ የኋለኞቹን ሲያሳድግ የፊተኞቹን መቃብር ያውቅ ነበር። ይህን ለዚያች እናት የሚነግራት የለም። ለሷ የሚነገራት «ዘር ዝሪና እጥፍ ትቀበያለሽ» ነው፤ ከሥሩም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጻፋል።

እምነት ካለ ሕመም የለም የሚለው ትምህርት ደግሞ በራሱ በጳውሎስ ሕይወት ይወድቃል። ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ በሽተኛ ይፈውስ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። ያው ጳውሎስ የሥራ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስ በሆዱ ሕመም ሲቸገር «እምነትህን አጠንክር» አላለውም፤ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው፤ በዘመኑ መድኃኒት ማለት ነው። ስለ ራሱ የሥጋ መውጊያም ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። የተሰጠው መልስ ጸጋው ይበቃሃል የሚል ነበር። ዛሬ ጳውሎስ በአንዳንዶቹ አዳራሾች ቢገኝ ለመድረክ አይበቃም። «ያልተፈወሰ አገልጋይ» ይባል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ መከራከሪያ ይነሣል። ኢየሱስ ፈውሷል አይደለም እንዴ? ጸበሉስ ስንቱን አላዳነም? ደግሞስ ደሃው ወዴት ይሂድ፤ ሆስፒታል ቢሄድ አልጋ የለም፣ መድኃኒቱ ከውጭ ፋርማሲ ግዛ ይባላል፣ የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ከገጠር አዲስ አበባ መምጣት አለበት። አዳራሹና ጸበሉ ቢያንስ በሩን አይዘጋበትም።

ይህ እውነት ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ድሃን ተቀብሎ በስሙ የሚጠራ፣ ጭንቅላቱ ላይ እጁን የሚጭን ቦታ በዚህ አገር ብዙ የለም። ክርክሩ በጸሎት ላይ አይደለም፤ በፈውስም ላይ አይደለም። ክርክሩ ጸሎቱ ሳይመለስ ሲቀር በሚነገረው ነገር ላይ ነው። የተፈወሰው በመድረክ ይታያል፣ ያልተፈወሰው በጓሮ በር ይወጣል። የእምነት ቤት የሚፈተነው በጓሮ በር በወጡት ነው።

ይህ በቃላት ብቻ የሚቀር ጉዳት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የኤች አይ ቪ ዘመንን ያስታውሷል። ሕሙማን በብዛት እንጦጦ ጸበል ሄደው ይከርሙ ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረም በኋላ «ጸበል እየጠጡ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» የሚለው ወሬ ሰውን ከመድኃኒቱ ያርቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። በአቡነ ጳውሎስ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ብዙ ነው፤ ያ ንግግራቸው ግን ሰው አድኗል። በሌላው ወገን ባሉ አዳራሾችም ኢንሱሊንና የሚጥል በሽታ ክኒን «በእምነት» የሚያስጥሉ አሉ። ታማሚው ሲወድቅ ግን ሰባኪው ሌላ ከተማ ኮንፈረንስ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ክርስቲያን መከራ ሲመጣበት ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ያልቅስ። ቀልድ አይደለም። አያቶች ፊደል ቆጥረው የሚደግሙት መዝሙረ ዳዊት ሲሦው የሚያህለው ልቅሶና ስሞታ ነው። ከመዝሙሮቹ አንዱ፣ 87ኛው (በሌላው አቆጣጠር 88ኛው)፣ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ጨለማ ነው፤ «ግን አመሰግንሃለሁ» የምትል መዝጊያ እንኳ የለችውም። ይህ መዝሙር በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ እንዲቀመጥ ተፈቅዷል። ለዘመናት መነኩሴውም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ ባልቴቷም ደግመውታል። በዛሬ አዳራሽ የዚያን ዓይነት ጸሎት ከፍ ባለ ድምፅ የጸለየ ሰው «አፍህን ጠብቅ፤ የምትናገረው ይሆንብሃል» ይባላል።

በኦርቶዶክሱም በኩል የራሱን ሀብት የረሳ ብዙ ነው። ሰሙነ ሕማማትን የሚያህል የሐዘን ትምህርት ቤት በሌላ ቦታ አይገኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ተሳስሞ ሰላምታ አይለዋወጥም፤ መስቀል አይሳለምም። በሳምንቱ ለሚሞቱት ጸሎተ ፍትሐት ቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረጋል። አንድ ሙሉ ሕዝብ ትንሣኤ እንዳለ እያወቀ፣ ግን ሳይዘል፣ በሐዘኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ዓርብ ላይ ወገብ እስኪቆረጥ ይሰገዳል። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያለው ሕዝብ በተራው ቀን ግን ያዘነን ሰው በሦስተኛው ቀን «በቃ፣ አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ማሳዘን ነው» ይላል። ዓርብን በስግደት የሚያውቅ ሕዝብ የጎረቤቱን ዓርብ ለማሳጠር ይቸኩላል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ቃልም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከልብ ሲወጣ ትልቅ ቃል ነው። አፍ ለማስያዝ ሲውል ግን መክደኛ ይሆናል። ባሏ የሚደበድባት ሴት «እንዴት ነሽ?» ስትባል እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ ጠያቂውም «አሜን» ብሎ ይሄዳል። ስትናገር ደግሞ «ቻዪው፣ መስቀልሽ ነው» ትባላለች። መስቀል ሰው ለእውነትና ለፍቅር ብሎ የሚሸከመው ነው። የባልን ጡጫ መስቀል ብሎ መጥራት በመስቀሉ መቀለድ ነው። መወገድ የሚችል መከራ አለ፤ እሱ ይወገድ፣ የሕግ ጉዳይ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ይኬድ። መወገድ የማይችል አለ፤ እሱን አብሮ መሸከም ነው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ካልለየች ለበዳይ ጠበቃ ትሆናለች።

ሁለተኛው ነገር ብቻን አለመሆን ነው። ይህን ለማየት የደርግን ዘመን ማየት ይበቃል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች። ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ያኔ ምዕመናኗ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅና በሯ ሲከፈት ግን ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህ ታሪክ በየመድረኩ ይተረካል፤ ብዙ ጊዜም «ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» በሚል ቀላል ማጠቃለያ። ማጠቃለያው ትክክል አይደለም። ስደት ብዙ ቤተ ክርስቲያን አጥፍቷል፤ የአውግስጢኖስ ሰሜን አፍሪካም፣ የጎረቤት ኖብያም ክርስትና ዛሬ በፍርስራሽ ነው የሚታወቀው። መከራ በራሱ ማንንም አያስተምርም። ይሰብራል፣ ያመርራል፣ ያሳብዳል። እነዚያን ሰዎች ያቆማቸው ሌላ ነገር ነው። አዳራሽ ሲያጡ አምስት ስድስት እየሆኑ በየሳሎኑ ተሰበሰቡ። አምስት ሰው በተሰበሰበበት ቤት ማን ዱቄት እንደጨረሰ፣ የማን ባል እንደታሰረ፣ ማን መጠራጠር እንደጀመረ ሳይታወቅ አይቀርም። ሴቶች አስተማሪዎች ሆኑ። ሰው በሰው እጅ ተያዘ። ዛሬ ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ወር የቀረን ሰው «የት ጠፋህ?» የሚለው የለም። መሪዎቹ መከራውን እየተረኩ፣ መከራውን ያሻገራቸውን ነገር አፍርሰውታል።

ደርግ ሲነሣ ሁለት ሰዎችን አለማንሣት አይቻልም። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ታፍነው ተወሰዱ፤ እሳቸውም ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ አልወጡም። የሁለቱም አፅም የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተገረፉ። በዚያ ዘመን የታሳሪ ቤተሰብ ስንቅ ይዞ እስር ቤት በር ላይ ይቆማል፤ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ይባላል፤ መርዶው ያ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስ እምነት አንሶ ነበር? ጉዲና ቱምሳ ዘር አልዘሩም ነበር? ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት የተዘጋባቸው «አዎንታዊ ቃል» ባለመናገራቸው ነው? በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ አይ ኤስ ያረዳቸውና የረሸናቸው ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችስ? አብዛኞቹ ለእናታቸው ቤት ሊሠሩ፣ እህታቸውን ሊያስተምሩ የተሰደዱ የድሃ ልጆች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላቸዋለች። በብልጽግና ወንጌል መዝገብ ግን እነዚህ ሁሉ የከሰሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ትምህርት ሰማዕታቱን የሚያኖርበት ቦታ ካጣ፣ የጎደለው ሰማዕታቱ ዘንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ነገር ይመጣል፤ የሌላውን መከራ ማየት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የእምነት መሪዎች ትልቁ ፈተና ይህ ነበር፤ ብዙዎቹም ወደቁ። የራስን ወገን ሬሳ እየቆጠሩ የሌላውን ወገን ሬሳ «የእግዚአብሔር ፍርድ» ማለት በየስልኩ ተሰማ። በ2015 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ። መጠየቁ መልካም ነው። ግን ይቅርታው የመጣው ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላ ነው፤ የወንጌላውያኑ ጎራም ቢሆን ከዚህ የተሻለ የሚኮራበት ነገር የለውም። የአንዱ ወገን እናት ስታለቅስ «ጽናቱን ይስጥሽ»፣ የሌላው ወገን እናት ስታለቅስ «የዘራችሁትን ነው» የሚል ምዕመን በማን ስብከት አደገ? መልሱ ከላይ ያለው ነው። በአዳራሹና በጸበሉ «የሚሰቃይ ሁሉ ጥፋተኛ ነው» ተብሎ ሲማር የከረመ ሰው፣ ጦርነት ሲመጣ ያንኑ ትምህርት በሙሉ ሕዝብ ላይ አዋለው።

ሰባኪዎቹ መልስ አላቸው ከተባለ ለአንድ ትንሽ ነገር መልስ ይስጡ። ያቺ እናት አሁንም አለች። ከልጇ ቀብር በኋላ ሁለት እሑድ ቀርታ በሦስተኛው መጣች፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። «ተፈውሷል» የተባለበት ቪዲዮ ከነእልልታው ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ሰው እየተመለከተው ነው፤ ልጁም እዚያ ውስጥ ይስቃል። ቪዲዮው መቼ ይወርዳል? ለፈውሱ «የምስጋና ዘር» ብላ የሰጠችው ገንዘብስ? «እምነትሽ አንሶ ነው» ያላት ሰው ቤቷ ሄዶ፣ ድንኳኑ በተነሣበት ግቢ በርጩማ ስቦ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚላትስ በየትኛው እሑድ ነው?